የዶሮ መኖ ሲለወጥ

አሰላ ከመጣሁ ወዲህ የመምህርነት ደመወዜን የምደጉመው በስምንት ዶሮዎች እንቁላል ነው። ባለፈው ወር፣ የአርሲ ገብስ ብቻውን ገንቢ ምግብ ያንሰዋል ብዬ፣ በአንድ ጀምበር ፋጉሎና ፉርሽካ ወዳለበት ድብልቅ አዞርኳቸው። አኮረፉ፤ መኖውንም በእግራቸው በተኑት። እንቁላሉ ከአራት ወደ አንድ ወረደ፤ የቤት ኪራዩ ግን አልወረደም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዶሮ የለመደችው ቅንጣት መልኩ ሲለወጥባት ትጠራጠራለች፤ ሆዷም እስኪለምድ ቀን ይፈልጋል። በአሰላ ብርድ ደግሞ ያልበላች ዶሮ እንቁላል ልትጥል ይቅርና ሙቀቷንም መጠበቅ ያቅታታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ሦስት ቀን ሩቡን ብቻ ከአዲሱ ይደባልቁ፤ ቀጥሎ እኩል በእኩል፤ ከዚያ ሦስት እጁን። ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። ውሃ አይጓደል፤ በዚያው ሳምንትም ቆጣቸውን አያዛውሩ። እኔም እንደገና በሩብ ጀመርኩ፤ ትናንት ሦስት እንቁላል አነሣሁ።