ቁጣ የመሰለን ጥያቄ

«መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሲነጋገሩ የሚጣሉ ይመስላሉ» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህን አልቀበልም። ፈራጁ የእነርሱን ቋንቋ አያውቅም፤ የራሱንም በቅጡ አላስተዋለም።

እስቲ አማርኛችንን እንመርምር። ስሜትን የምናኖረው ከዓይን በተሰወረ ቦታ ነው፦ ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይላወሳል፤ የማይነገረውንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋበታለን። ሰዋስዋችንም ያግዘናል። (እርግጥ «አዘንሁ»፣ «ተቆጣሁ» አሉን።) «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ» ስንል ግን ባለ ስሜቱ ተሳቢ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። «አገሬ ናፈቀችኝ» ስል እንኳ የምብሰለሰለው እኔ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አገሬ ናት!

በዚህ ቋንቋ ያደገ ዓይን የተቋጠረ ግንባር ሲያይ ቁጣ ነው ብሎ ቢደመድም አይደንቅም። በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ግን ቅንድብ ሲነሣ «አዎን» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ይጠየቃል፤ ግንባር ሲቋጠር ደግሞ «ማን»፣ «የት»፣ «ለምን» ይባላል። ሰዋስው ነው። ኀዘኑም ቁጣውም በዚያው ፊት ላይ ይነበባል፤ ባለቋንቋው አንዱን ከሌላው አያምታታም።

«ግጥም ያለ ድምፅ አይሆንም» የምትሉኝ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች፣ ተመሳሳይ ቃል በ1880 እ.ኤ.አ. ሚላን ላይ ተነግሮ ነበር። አብዛኞቹ የሚሰሙ የሆኑ መምህራን ተሰብስበው የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። ልጆች በእጃቸው ማልቀስም መሳቅም ተከለከሉ። ዊልያም ስቶኪ ምልክቱ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን በጽሑፍ ያሳየው በ1960 ነው። የዚያው ጉባኤ ወራሾች ቫንኩቨር ላይ ውሳኔውን ሽረው ጸጸታቸውን የገለጹት ደግሞ በ2010፣ ከ130 ዓመት በኋላ።