ከእናቱ አጠገብ፣ በራሱ መኝታ

ዛሬ በጤና ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ ሕፃን አተኛኘት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን በማታው ክፍል የሰማነው ታሪክ ነው። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ «እናት»፣ «ልጅ»፣ «አልጋ» የሚሉትን ቃላት ጻፍን። ተማሪዎቻችን በየተራ እየተነሡ አነበቡ። አንዲት እናት «አልጋ» የሚለውን አነበበችና ዝም አለች። ቆየት ብላም እንዲህ አለችን፦

«የበኩር ልጄ የሞተው አልጋ ላይ ነው። ማታ አጥብቼ በእኔና በአባቱ መካከል አስተኛሁት። ሲነጋ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ሰው ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዱ ቡዳ ነው አለ። ሌላው ሾተላይ ነው አለ። አንዷ ደግሞ አንቺው ተጭነሽው ነው አለችኝ። እውነቱን እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን የሁለት ወር ልጅ ታቅፌአለሁ። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኛም ለጊዜው የምንለው ጠፋን።

በዚያ ሌሊት የሆነውን ዛሬ ማወቅ አይቻልም። እናቲቱን መውቀስም አይገባም። ቀን ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የዋለች እናት ሌሊት እንቅልፍ ቢጥላት ምን ይደንቃል? ለሚቀጥለው ልጅ ምን ማድረግ እንደሚገባን ግን ማወቅ ይቻላል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ!

አደጋው ከየት ይመጣል?

በብዙ ቤት አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ቡሉኮ ሥር ይተኛሉ። የሚያስገድደን ብርዱ ነው። ትንሽ ሕፃን ግን አንገቱ አልጠናም። ጋቢ ፊቱ ላይ ቢወድቅ ገፍቶ ማንሣት አይችልም። የትልቅ ሰው ክንድ ቢያርፍበት መጮህ አይችልም። ትራስ አፍንጫውን ቢደፍነው ይታፈናል። ጠፍር አልጋም የራሱ ችግር አለው። ጠፍሩ ሲረግብ መሐሉ ይጎደጉዳል። ሕፃኑ ወደ ጎድጓዳው ተንከባሎ ከትልቁ ሰው ሥር ይገባል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ሕፃኑ ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛ። ግን በራሱ መኝታ ይተኛ። መኝታው ከእናቱ አልጋ ጎን ይሁን። እጇን ስትዘረጋ ትድረስበት። ቢያንስ እስከ 6 ወር እንዲህ ይሁን። እስከ ዓመት ቢሆን ደግሞ ደግ ነው። ቅርብ ስለሆነ ሌሊት ለማጥባት አያስቸግርም። ሲነቃም ትሰማዋለች።

እነዚህን አምስት ነገሮች እናስታውስ፦

1. ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት። ቀንም ሆነ ሌሊት በሆዱ አይተኛ።

2. ንጣፉ ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። ቡሉኮ አጥፎ፣ ወጥሮ ማንጠፍ ይበቃል። ትራስና ትርፍ ልብስ አታስቀምጡበት።

3. ፊቱን አትሸፍኑት። ልብሱ ከብብቱ በላይ አይውጣ። ብርድ ከሆነ ገላው ላይ ልብስ ደርቡለት። ጀርባውን ዳስሱት። ካላበው አንዱን ልብስ ቀንሱለት።

4. ከምድጃና ከኩራዝ አርቁት። ጭስ ሳንባውን ይጎዳዋል። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት ውስጥ አትተኙ። ከከሰል የሚወጣው መርዛም አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ሕፃኑንም ትልቁንም ይገድላል።

5. ወባ ባለበት አገር መኝታውን በአጎበር ከልሉ። የአጎበሩን ጫፍ ከንጣፉ ሥር ወትፉ። ሕፃኑ ፊት ላይ አይውደቅ።

ይህን ስናስተምር አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሡ።

«ኧረ ልጆቼ! በጀርባው ከተኛማ ትንታ ይገድለዋል» አሉን።

«እማማ፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው» አልናቸው። «ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። ያገሳው ወተት ወደ ታች ይመለሳል። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል። ትንታ የሚያሰጋው ያኔ ነው።»

«ጭንቅላቱስ አይጠፈጠፍም?»

«ሲነቃ፣ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው እያዩት፣ በሆዱ ያስተኙት። አንገቱም ይጠናል፤ ጭንቅላቱም አይጠፈጠፍም።»

ይህ እኛ የፈጠርነው ምክር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1994) በአሜሪካ አገር አንድ ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ወላጆች ሕፃናትን በጀርባቸው እንዲያስተኙ ያስተምር ነበር። 10 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። መድኃኒት አልተገዛም። ሰው አተኛኘቱን አስተካከለ፣ ሕፃናት ዳኑ።

እናት እያጠባች እንቅልፍ ቢጥላትስ? ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከማጥባቷ በፊት ጋቢውንና ትራሱን ከሕፃኑ ታርቅ። ሕፃኑ በእናትና በአባት መካከል አይሁን። ሌሎች ልጆችም አጠገቡ አይተኙ። ስትነቃ ወዲያው ወደ መኝታው ትመልሰው። ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ግን ከሕፃን ጋር ፈጽሞ አይተኛ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም በጣም ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሕፃን የተለየ እንክብካቤ ይሻል። እንዲህ ያለው ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ተደርጎ ይታቀፋል። አያያዙን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

አልጋውን እንዴት እንሥራ?

ሕፃኑ መገላበጥ ሳይጀምር ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ፣ የማይገለበጥ ሣጥን ይበቃዋል። መገላበጥ ሲጀምር ግን ዙሪያው የታጠረ አልጋ ያስፈልገዋል። ይህ የአባት ሥራ ነው። ባህር ዛፍ ወይም ቀርከሃ ይበቃል። ርዝመቱ 2 ክንድ ተኩል፣ ወርዱ 1 ክንድ ከስንዝር ይሁን። ታቹ በጣውላ ይደልደል። አጥሩ ከንጣፉ በላይ 1 ክንድ ከፍ ይበል። በአጥሩ እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት 3 ጣት ብቻ ያስገባ። ከዚያ ከሰፋ የሕፃኑ ገላ ያልፍና ጭንቅላቱ ይያዛል። ንጣፉና አጥሩ ይገጣጠሙ። በመካከላቸው ክፍተት አይኑር። እንጨቱን ፋቁት፤ ስንጥር አይኑረው።

ሕፃኑ አዲሱን መኝታ እንዲለምድ በመጀመሪያ ቀን ቀን አስተኙት። ከዚያ የሌሊቱ ይከተላል። ጠግቦ፣ ዓይኑ መክበድ ሲጀምር አስተኙት። ቢያለቅስ እጃችሁን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ እሹሩሩ በሉት። አንድ ቀን እንቢ ቢል ተስፋ አትቁረጡ። እኛስ ፊደል በአንድ ቀን ለመድን እንዴ?

የዚያች እናት ባልም ተማሪያችን ነው። ያን ማታ ደብተሩን አውጥቶ «2 ክንድ ተኩል፣ 1 ክንድ ከስንዝር፣ 3 ጣት» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄድን። አልጋው ከእናቲቱ መደብ ጎን ቆሟል። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቷል። ፊቱ አልተሸፈነም።

«አሁንም ሌሊት እነቃለሁ» አለችን። «እጄን እዘረጋና ደረቱን እዳስሳለሁ። ሲተነፍስ ተመልሼ እተኛለሁ።»

አንባብያን ሆይ! ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። አራስ ባለችበት ቤት ደግሞ ዛሬውኑ አንብቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሕፃን በትልቅ ሰው መካከል ሲተኛ ምን አደጋ ይደርስበታል?
2. በጀርባው ሲተኛ ትንታ የማያሰጋው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቤት የሕፃኑ መኝታ የት ቢሆን ይሻላል? ከምድጃው ምን ያህል ይርቃል? ተነሥታችሁ ለኩ፤ ቁጥሩንም በደብተራችሁ ጻፉ።