ፋይሉ ሳይጠፋ «ጠፍቷል» አትበሉን

ባለፈው ሰሞን እዚሁ መቫሰረት ጽዮን፣ ከመርከዝ ክሊታው ብዙም ሳይርቅ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ደውለው «ልጄ፣ የባለቤቴ ድምፅ ተቆለፈብኝ» አሉኝ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ቤታቸው ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ላፕቶፕና አንድ ያረጀ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ተቀምጧል። ሟች ባለቤታቸው በሱዳን በኩል በእግራቸው ስለመጡበት መንገድ ለልጅ ልጆቻቸው ያወሩት በካሴት ተቀድቶ፣ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ እዚያ ዲስክ ላይ ነው ያለው። የፎልደሩ ስም ይታያል። ሲከፍቱት ግን በዕብራይስጥ መግባት ተከልክሏል ይላቸዋል፤ «ሃጊሻ ኒድኸታ»።

ጎረቤቴ ዕብራይስጥ ማንበብ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ ዲስኩን ይዘው አንድ ጥገና ሱቅ ሄደው ነበር። እዚያ የተነገራቸው «ፋይሎቹ ተበላሽተዋል፣ ዲስኩን ፎርማት እናድርገውና ቢያንስ ለሌላ ነገር ይጠቅምዎታል» የሚል ነው። ደግነቱ ሽማግሌው እሺ አላሉም፤ ዲስኩን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያ እምቢታቸው ነው ሁሉንም ያተረፈው፤ ምክንያቱም ከፋይሎቹ አንዱም አልተበላሸም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ሰውን በስሙ አያውቀውም። አካውንት ሲከፈት «ኤስ-1-5-21» ብሎ የሚጀምር ረጅም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤትና ፈቃድም በዚያ ቁጥር ይመዘግባል። አዲስ ኮምፒውተር ገዝተን በዚያው ስም፣ በዚያው የይለፍ ቃል አካውንት ብንከፍት እንኳ ቁጥሩ ሌላ ነው። የጊቡዩ ዲስክ ደግሞ የድሮውን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ያን ቁጥር ሲያይ ማን እንደሆነ አያውቅም። እኛ ይህ ሊገርመን አይገባም። በ1984 እና በ1991 ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እዚህ ሲደርሱ ስማቸው በዕብራይስጥ ተተክቷል፤ ሰውዬው ግን ያው ሰውዬ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ ያው፣ ሰውዬው ሌላ።

ለጎረቤቴ ይህን ላስረዳ ስል በአማርኛችን ተቸገርኩ። «አባባ፣ ኮምፒውተሩ ባለቤቱን አላወቀም» ስላቸው «ባለቤቴማ ከሞተች አራት ዓመቷ» አሉኝ።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ብዙ ቤተሰብ አሮጌውን ኮምፒውተር እየጣለ አዲስ እየገዛ ነው። ጊቡይ ያለው ሁሉ ፋይሉን ሊመልስ ሲሞክር ይህ መልእክት ሊገጥመው ይችላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ዊንዶውስ አንዳንዴ ራሱ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ ያቀርባል፤ የአስተዳዳሪ አካውንት ያለው ሰው ያን ተጭኖ ቢጠብቅ ብዙ ጊዜ ይከፈትለታል። እምቢ ካለ ፎልደሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ባሕርያቱ፣ ከዚያ ወደ ደኅንነት፣ ከዚያ ወደ ዝርዝሩ መግባትና ባለቤት በሚለው ቦታ የራስን አካውንት መተካት ነው፤ በውስጡ ላሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ሁሉ እንዲሠራ ምልክት ማድረግም እንዳይረሳ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ባለቤት መሆን ብቻውን አያስነብብም፤ ባለቤት ከሆኑ በኋላ ለራስ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ፣ ዕብራይስጡ ሃርሻአ የሚለውን፣ መስጠት ያስፈልጋል። የትእዛዝ መስኮት የለመደ ልጅ «ቴክኦውን» እና «አይካክልስ» በሚባሉት ሁለት ትእዛዞች ሥራውን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሊኑክስ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ እዚያ ቁጥሩ አጭር ነው፣ 1000 የነበረው 1001 ሆኖ ይገኛል፣ «ቻውን» የሚባለው ትእዛዝ ያስተካክለዋል።

ይህ ሁሉ በዚያው በሚፈለገው ፎልደር ላይ ብቻ ይደረግ። ሲስተሙ ያለበትን ሲ ድራይቭ በሙሉ ባለቤት እቀይራለሁ ያለ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አንድ ነገር ልለይ። ፈቃድ ሌላ፣ ምስጠራ ሌላ ነው። ፋይሉ ራሱ ተመስጥሮ ከሆነ ባለቤት መቀየር አይከፍተውም፤ ቁልፉ ያስፈልጋል። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ወይም ባለ 48 አሃዙን የመመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። አሮጌው ኮምፒውተር ከቤት ሳይወጣ ይህ መታየት አለበት፤ ከወጣ በኋላ ማልቀስ ነው።

ከወጣቶቻችን ጋር የማልስማማበት ነገርም አለ። የሰፈር ልጆች ችግሩን ሲፈቱ አቋራጩን ይወዳሉ፤ «ለሁሉም ሰው፣ ሙሉ ፈቃድ» ብለው ይከፍቱታል፣ ሊኑክስ የሚያውቀውም 777 ይላል። ይሠራል፣ እውነት ነው። ግን እዚያው ዲስክ ላይ ከድምፁ ጎን ጎንደር ሆና የምትጠብቅ እህታቸው ሰነዶች፣ የሐኪም ወረቀቶች፣ የባንክ ወረቀቶች ነበሩ። ያን ለማንም እንዲከፈት ማድረግ የሽማግሌውን ሳጥን ገልብጦ መንገድ ላይ እንደመተው ነው። ለሚገባው ሰው ብቻ ስሙን ጠርቶ መስጠት አምስት ደቂቃ ቢጨምር ነው።

«ለምን ክላውድ ላይ አታደርጉትም?» የሚሉኝ አሉ። ያም አካውንት ነው፤ የሟችን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ከሌለ በሩ ያው ዝግ ነው።

የአረጋውያን ክበቦቻችን ኮምፒውተር ሲያስተምሩ አይቻለሁ። ዋትስአፕ መክፈት፣ ለሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ግን ለዚህ ይጨመርልን፤ «ተከልክሏል» እና «ተበላሽቷል» የሚሉት ሁለት የዕብራይስጥ መልእክቶች እንዴት እንደሚለያዩ ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው አይተው ይወቁ። የጥገና ባለሙያዎችም ካልቻላችሁ «አልቻልኩም» በሉ፤ «ተበላሸ» ብላችሁ ፎርማት አታቅርቡ። የልጅ ልጆች ደግሞ ጊቡይ ሠራን ብላችሁ አትሂዱ። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ፣ በሌላ አካውንት ገብታችሁ፣ አንድ ፎቶና አንድ ድምፅ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ያ እስኪሆን ድረስ አሮጌው ኮምፒውተር አይጣል።

የጎረቤቴ ሥራ አንድ ምሽት ፈጀ። መጀመሪያ ኔታንያ ላለችው ሴት ልጃቸው በላፕቶፑ ላይ የራሷን አካውንት ከፍተን ለድምፁ ፎልደር ፈቃድ ሰጠናት፤ የሰነዶቹን ፎልደር ግን ለእርሳቸው ብቻ ተውነው። ከዚያ «ይሰማ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን አነሱ፤ «አይ፣ ዛሬ አይሆንም። ዓርብ ሰንበት ሳይገባ ልጆቹ ሲሰበሰቡ እንሰማዋለን» አሉኝና ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።