ልጆቻችን ሠርተው ሲገዙ



የዘንድሮ ልጅ ሞባይል ካልያዘ እንቅልፍ የለውም። ይሁን፤ እናቱን ሲነዘንዝ ከሚውል ሠርቶ ቢገዛ ደስታችን ነው። ያሳሰበን ጊዜው ነው። ወደ ቴፒ በኩል ቡናው መቅላት የሚጀምረው ትምህርት በተከፈተ ማግስት ነው። ልጁ «ሁለት ሳምንት ለቅሜ ልምጣ» ብሎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጓደኞቹ በትምህርት ጥለውት ሄደዋል።

እዚሁ ማሻ ሥራ ጠፍቶ ነው? የገተማው ነጭ ማር ሲደርስ ዛፍ መውጣቱ የአዋቂ ቢሆንም ማሩን ማጣራትና ማሸግ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ነው። ዶሮም አለ፤ የክረምቱም ዕረፍት አለ።

በነገራችን ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውንም ቢሆን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም።

እኛ ትልልቆቹስ? አጥር አሳጥረን፣ ጓሮ አስኮትኩተን፣ «ልጅ አይደል፣ ምን ያደርግለታል» እያልን የአዋቂውን ግማሽ እንሰጠዋለን። ጭራሽ ሻይ አጠጥቶ የሚያሰናብትም አለ! ነገ ቴፒ የሚሄደው እኮ ይኸው ልጅ ነው።

ስለዚህ ልጅ የምታሠሩ ሁሉ፣ ዋጋውን ከሥራው በፊት ተነጋገሩ። ሲጨርስም፣ «ነገ ና» ሳትሉ፣ እዚያው በእጁ ስጡት።