ልዑላን አብራሪዎች፡- በትውልድ ወይስ በብቃት?

ደብረ ታቦር፡- የነገሥታት ልጆችና የልጅ ልጆች በጦር አውሮፕላን አብራሪነት ሲሰለፉ፣ የደረሱበትን ስፍራ ያገኙት በችሎታቸው ነው ወይስ በትውልዳቸው የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይነሳል። እንግሊዝን፣ ዮርዳኖስንና ሳዑዲ ዓረቢያን በመሳሰሉ ዘውዳዊ አገሮች የንጉሣውያን ቤተሰብ አባላት ወታደራዊ የበረራ ሥልጠና መውሰዳቸው የተለመደ በመሆኑ ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ዘውዳዊ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም በተወገደባት ኢትዮጵያ ጥያቄው የሌላ አገር ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ለውጊያ ከዋለባቸው የመጀመሪያ ግጥሚያዎች አንዱ ደብረ ታቦር ይቀመጡ በነበሩ መስፍን ላይ የተካሄደው መሆኑ ሲታወስ፣ የትውልድና የብቃት ሙግት ለዚህ አካባቢ ባዕድ እንዳልሆነ መገንዘብ አያዳግትም።

ጉዳዩን በአግባቡ ለመመዘን ሦስት በሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ለሥልጠና የመመረጥ ዕድል ነው። ሁለተኛው የሥልጠናው ፈተና ሲሆን፣ ሦስተኛው ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው ማዕረግና ሹመት ነው። የታሪክ ማስረጃዎች እንደሚያመለክቱት ትውልድ በመካከለኛው በር ላይ ያለው አቅም አነስተኛ ነው፤ በመጀመሪያውና በመጨረሻው በር ላይ ግን ብዙ ይሠራል።

ከጋፋት እስከ አንቺም

ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁ መሳፍንት መቀመጫ ነበረች። ከእነዚህ መሳፍንት የመጨረሻው፣ ዳግማዊ ራስ አሊ፣ ሥልጣን የያዙት ገና በልጅነታቸው ሲሆን ለዚያ ያበቃቸውም ትውልዳቸው ነበር። በሰኔ 1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ድል የነሷቸው ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ደግሞ ከቋራ ተነሥተው በጦር ሜዳ ችሎታቸው ለዘውድ የበቁ ናቸው።

ደጃዝማች ካሳ፣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ብረት ቀጥቃጭ በሚናቅበትና በሚገለልበት ዘመን ለብረት ሥራ ይህን ያህል ክብር መስጠት ቀላል እርምጃ አልነበረም። ቀልጦ ለሚፈስ ብረት የሠሪው የዘር ሐረግ ምኑም አይደለም፤ የሚታየው መድፉ መተኮሱ ነው።

ከስድሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ይኸው አካባቢ ሌላ መሣሪያ አስተናገደ። የቤጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባለቤት የነበሩ ናቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም ጦራቸው አንቺም ላይ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲገጥም፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ከገባ ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። መንግሥት በፈረንሳውያን አብራሪዎች የሚመሩ አውሮፕላኖችን አሰማርቶ በራሪ ወረቀት በተነ፤ ቦምብም ጣለ። በምድር የዘመተው ጦር በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ይመራ ነበር። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። በዕለቱ ከሰማይ የታየው ኃይል የመጣው ከታላቅ ቤት ከተወለዱ ሰዎች ሳይሆን፣ በሙያቸው ከተቀጠሩ የውጭ ዜጎች ነው።

የተዘጋ በር

ከአንቺም ጦርነት ወዲህ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1923 ዓ.ም፣ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለብቻቸው በመብረር የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። የሚሽካ አባት በኢትዮጵያ የኖረ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ዙፋኑ የአውሮፕላን ባለቤት ቢሆንም፣ አውሮፕላኑን ቀድመው የተማሩት ልዑላን አልነበሩም።

የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ሲቃረብ የኢትዮጵያን አየር ኃይል እንዲመራ የተመረጠው ጆን ሮቢንሰን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚገልጹት፣ ሮቢንሰን ቺካጎ ውስጥ በቆዳው ቀለም ምክንያት የበረራ ትምህርት ስለተከለከለ፣ እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሮ ትምህርቱን በጎን ሲያዳምጥ ቆይቷል። በኋላ ፈተናውን አልፎ ፈቃድ አገኘ፤ ሌሎች ጥቁሮችንም አስተማረ። የሮቢንሰን ታሪክ የሚያስገነዝበው ዋና ነገር፣ ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆንም እንኳ ወደ ፈተናው ክፍል የሚያስገባው በር ለሁሉም እኩል ክፍት ሳይሆን ሊቀር እንደሚችል ነው። አንድ ልዑል የበረራ ፈተናን በብቃት ማለፉ፣ በሩ ተዘግቶባቸው የቀሩ ስንት ብቁ ወጣቶች እንደነበሩ አይናገርም።

በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የታዩ ባለ ትውልዶች

በ1928 ዓ.ም ጦርነት ወቅት የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ እንዲሁም አማቹ ገሌያሶ ቺያኖ በኢትዮጵያ ላይ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዘምተዋል። ጦርነቱ ሲጀመር ብሩኖ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ጥቂትና ለአየር ውጊያ ያልታጠቁ ስለነበሩ፣ እነዚህ አብራሪዎች በአየር ላይ የሚገጥማቸው ተፋላሚ አልነበረም ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ በጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል። ቺያኖ ጦርነቱ ባበቃ ማግስት፣ በሰኔ ወር እ.ኤ.አ 1936፣ በ33 ዓመቱ የኢጣሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ብሩኖ ግን እ.ኤ.አ በነሐሴ ወር 1941 ፒዛ አቅራቢያ አዲስ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲሞክር ተከስክሶ ሞተ። ሜዳይ የሚሰጡ ሰዎች የአባቱን ስም ያውቁ ነበር፤ ሞተሩ ግን አያውቅም።

ከኢጣሊያ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሚወለደው የአኦስታው መስፍን አሜዲዮ፣ በተለምዶ ዱካ ዳኦስታ የሚባለው፣ ከዚህ ለየት ይላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት አገልግሏል፤ በኋላም በረራ ተምሮ የአየር ኃይል ጄኔራል ሆኗል። አብራሪነቱን የሠራበት ሙያው ነበር ማለት ይቻላል። በ1930 ዓ.ም በግራዚያኒ ምትክ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሲሆን ግን፣ የንጉሡ ዘመድነቱ ከአብራሪነቱ በላይ ሚዛን የነበረው መሆኑ አያጠራጥርም። በግንቦት 1933 ዓ.ም አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመትም ናይሮቢ ውስጥ በምርኮኝነት አረፈ።

በአንጻሩ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ምንም እንኳ በትውልዳቸው የመኳንንት ወገን ቢሆኑም፣ በኢትዮጵያ የሚታወቁት በሥራቸው ነው። በወረራው ዘመን የቀይ መስቀልን አምቡላንስ አውሮፕላን አብርረዋል። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ለአሥር ዓመታት ያህል የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀትና በማሠልጠን አገልግለዋል። በ1960ዎቹ ድርቅ ጊዜም ከአነስተኛ አውሮፕላን ምግብ በመጣል ወገን ረድተዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሕይወታቸው አልፏል። በሌላ በኩል በዚያው ወር በኦጋዴን ሰማይ በኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን የተፋለሙት፣ በኋላም 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ያሳለፉት ብርጋዴር ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ምንም ዓይነት የዘውድ ዝምድና አላስፈለጋቸውም።

ሥልጠና ሌላ፣ ሹመት ሌላ

የቅርብ ጊዜ ተሞክሮዎችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። የእንግሊዙ ልዑል ዊሊያም እ.ኤ.አ በ2008 የአብራሪነት ምልክት ያገኙት ባጠረ ሥልጠና ነበር። በሄሊኮፕተር ወደ ወዳጅ ዘመድ ድግስ መብረራቸውም በአገራቸው መገናኛ ብዙኃን ትችት አስነስቷል። ከዚያ በኋላ ግን መደበኛውን ሥልጠና ጨርሰው እስከ 2013 ድረስ በፍለጋና ነፍስ አድን አብራሪነት አገልግለዋል። ሁለቱን ክንፎች እኩል መመልከት አይቻልም፤ የመጀመሪያው በስማቸው፣ ሁለተኛው በልፋታቸው የተገኘ ነው። አባታቸው ልዑል ቻርለስም፣ የአሁኑ ንጉሥ፣ እ.ኤ.አ በ1971 የጄት በረራ ሥልጠና አጠናቀዋል። እ.ኤ.አ በ2012 የተሰጣቸው የአየር ኃይሉ ከፍተኛው ማዕረግ ግን ከዚያ ሥልጠና የመነጨ አልነበረም።

በኢትዮጵያም የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ መሆናቸው ይታወሳል። በሙያው የነበራቸው ፍቅር ወይም ትጋት ምንም ያህል ቢሆን፣ ከእርሳቸው ጋር ለዚያ ቦታ ሊወዳደር የሚችል የተራ ሰው ልጅ አልነበረም። ውድድር በሌለበት ደግሞ ባለ ሹመቱ ራሱ ብቁ ቢሆን እንኳ ብቃቱን የሚያስመሰክርበት መንገድ ያጣል። የትውልድ ሹመት የሚጎዳው ዕድል የተነፈገውን ብቻ አይደለም፤ በእውነት የለፋውንም ባለ ትውልድ ከጥርጣሬ እንዳይወጣ ያደርገዋል።

እንግዲህ ልዑላን አብራሪዎች ቦታቸውን በብቃት ያገኛሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደ በሩ ይለያያል። ፈተናውን ያለፈ አልፏል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ለፈተናው ማን ቀረበ፣ ከፈተናውስ በኋላ ማን ተሾመ የሚሉት ግን ተለይተው ሊመረመሩ ይገባል።

ይህ አመዛዘን ከጦር አውሮፕላን ባሻገር ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ይበጃል። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በትውልድ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ይደነግጋል። ዛሬ የመስፍን ልጅነት ለሹመት ባያበቃም፣ ዝምድና፣ አብሮ አደግነትና የአካባቢ ልጅነት የእርሱን ቦታ ሊተኩ ይችላሉ። አድልዎ በአብዛኛው የሚሸሸገው በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን፣ ለሥልጠና የሚላኩ ሠራተኞች ስም ዝርዝር ሲዘጋጅና የሹመት ደብዳቤ ሲጻፍ ነው። በመሆኑም ብቃትን ማስፈን የሚፈልግ ኃላፊ ፈተናውን ከማጥበቁ በፊት፣ የዕጩዎቹ ዝርዝር እንዴት እንደተዘጋጀ መጠየቅ ይኖርበታል።