ስፒትፋየሯን ማን አቆሸሻት?

ጠቡን ያስነሳችው ከመዳፍ ትንሽ የምትበልጥ የፕላስቲክ አውሮፕላን ናት።

ከመካከላችን አንዱ የሚኖረው አውሮፓ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ሦስት ወር ሙሉ ተቀምጦ አንዲት ስፒትፋየር ሠራ። መጠኗ የእውነተኛዋ አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። የመረጠው በመስከረም 1940 በደቡብ እንግሊዝ ሰማይ ላይ ትዋጋ የነበረችውን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እየደጋገምን አናሰልቻችሁም)። ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴና አፈርማ ቡኒ፣ ሆዷ ደግሞ «ስካይ» የሚሉት ነጣ ያለ አረንጓዴ አዘል ቀለም። ይዟት ወደ አንድ የሞዴል ውድድር ሄደ። ዳኛው አጎንብሶ አያት፣ ባትሪ አበራባት፣ ከዚያ «አሠራሯ ጥሩ ነው፤ እውነታ ግን ይጎድላታል። በጣም ንጹሕ ናት» አለው።

አንደኛ የወጣችውም ስፒትፋየር ናት። ያው ዓመት፣ ያው ወር። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ያቺኛዋ ከሞተሯ እስከ ጭራዋ ጥላሸት ለብሳለች፤ እያንዳንዱ የቆርቆሮ መጋጠሚያ በጥቁር ተሰምሮባታል፤ ቀለሟ ሃያ ክረምት እንደመታው ጣሪያ ተላልጧል።

ልጁ ደውሎ ሲነግረን ሳቅን። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሳቁ እየቀረ ንዴቱ መጣ። ይህን የምንጽፈው ተናደን እንደሆነ አስቀድመን እንናገር፣ ኋላ እንዳትታዘቡን።

«እናንተ ደግሞ! ለአሻንጉሊት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ አሻንጉሊት ይሁን። እኛን ያንገበገበን «እውነታ» የምትለዋ ቃል ናት። ወዳጃችን ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች ሲያገላብጥ ነው የከረመው። ያኛው ተወዳዳሪ ያየው ግን (በአሠራሩ ያስታውቃል) አምና አንደኛ የወጣውን ሞዴል ነው። የአምናው ደግሞ የካቻምናውን አይቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሞዴል ሞዴልን ሲቀዳ አውሮፕላኗ ከመሀል ጠፋች። ከዚያ በኋላ እውነተኛዋን አይቶ የመጣው ሰው «እውነታ ይጎድልሃል» ተብሎ ይመለሳል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው፣ ከባድ አይደለም። በዚህ መጠን ሞዴል ላይ በጥቁር የሚሰመሩት መስመሮች ስፋታቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ72 ስናባዛው በእውነተኛዋ አውሮፕላን ላይ 14 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ትንሿን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ማለት ነው! በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የምትበር አውሮፕላን በየመጋጠሚያው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይዛ? እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሠራ መሐንዲስ ፍርድ ቤት ነበር የሚቆመው። ጭራሽ የሚገርመው የአሜሪካኗ ሙስታንግ ናት። ፋብሪካው የክንፏን መጋጠሚያዎችና ሪቬቶች በስቱኮ ደፍኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ ነው የሚያወጣት፤ አየሩ ክንፏ ላይ ሳይረበሽ እንዲያልፍ። ያን ሁሉ የተለፋበትን ልስላሴ የእኛ ዘመን «እውነታ ወዳድ» መጥቶ አንድ በአንድ ቆፍሮ በጥቁር ቀለም ይሞላዋል። ከዚያም ይሸለማል።

ሌላ ስሌት እንጨምር። ሞዴሏን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስናያት እውነተኛዋን በ21 ሜትር ከምናምን ርቀት እንዳየናት ነው። ከመንገድ ማዶ የቆመ መኪና በሉት። ከዚያ ርቀት ምን ይታያል? ቅርጿ ይታያል፤ ሁለቱ ቀለሞች የት እንደሚገናኙ ይታያል፤ የጭሱ ጥላ ካለ ይታያል። ሪቬት ቆጥሮ የሚያውቅ ካለ እጅ እንነሳለን።  ደግሞ ከጣሳው የወጣው ትክክለኛ ቀለም ትንሿ ሞዴል ላይ ሲቀባ ጨልሞ ይታያል፤ ጥቂት ነጭ ወይም ግራጫ ጠብ አድርጎ ማለስለስ ያስፈልጋል። ወዳጃችን ያደረገው ይህንኑ ነው። ዳኛው ግን ይህን ልብ አላለውም።

የሁለቱ ቀለሞች ድንበርም የራሱ ጣጣ አለው። በኤርብራሽ ደብዘዝ አድርጎ ማጋጠም ያምራል፣ እንወደዋለንም። ነገር ግን ሁለት ሚሊ ሜትር የደበዘዘ ድንበር ትልቋ ላይ 14 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የ1940 ስፒትፋየር ድንበሯ ከዚያ በጣም የጠበበ ነበር። በሌላ በኩል የጀርመኗ ሜሰርሽሚት 109 ጎኗ ላይ የተረጨባት ነጠብጣብ አለ፤ ነጣ ያለው ሰማያዊ ጎኗ በጣም ስለታየባቸው የጦር ሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው የረጩባት ነው። እሷ ላይ ብዥታው ያምርባታል፣ ትክክልም ነው። ሁለቱን በአንድ እጅ፣ በአንድ ዘዴ መቀባት ግን ስንፍና ነው። ሌላ ስም አንሰጠውም።

አሁን ወደ ቆሻሻው እንምጣ። «ጦርነት ላይ የዋለች አውሮፕላን እንዴት ንጹሕ ትሆናለች?» ይሉናል። ጥያቄው መልስ አለው። በዚያ በጋ ብዙ ስፒትፋየሮች ከፋብሪካ ወጥተው ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይቆዩ ነው የወደቁት። ቀለማቸው ለመላላጥ ጊዜ አላገኘም! የተረፉትንም ሠራተኞቹ ይወለውሏቸው ነበር፤ ጭቃና ሸካራ ቀለም ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያቺ ፍጥነት ደግሞ የአብራሪው ነፍስ ናት። በእርግጥ የተላላጡ አውሮፕላኖች ነበሩ። የጃፓን የምድር ጦር አውሮፕላኖች በጦርነቱ መጨረሻ አካባቢ ቀለማቸው እንደ ሽንኩርት ሲላጥ በፎቶግራፍ ይታያል። ችግሩ ያንን አይቶ በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን የመታችውን፣ በባሕር ኃይሉ በእንክብካቤ የተያዘችውን ዜሮ መላጡ ላይ ነው።

እርጅና ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ሚኒባስ ታክሲውን አስቡት። ቀለሙ የት ነው የሚለቀው? ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የሚንጠለጠልበት፣ የሚያንኳኳበት፣ የሚከፍት የሚዘጋበት በር ዙሪያ ነው። ጣሪያው በፀሐይ ይነጣል፣ የኋላ መከላከያው ከርቀት አለካክ ስህተት ይጎብጣል። በየቦታው እኩል የተላላጠ ሚኒባስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስፒትፋየርም እንዲሁ ናት። አብራሪው የሚወጣው በግራ በኩል ስለሆነ የሚፋቀው የግራ ክንፏ ሥር ነው። ጭሷ ከሞተሩ ጎን ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ላይ አይወጣም። አሜሪካኖቹ የወይራ አረንጓዴ የሚቀቧቸው አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ በጨርቅ የተሸፈነው የጭራ መሪ ከብረቱ በተለየ ሁኔታ ስለሚደበዝዝ፣ አንዷ አውሮፕላን ሁለት ሦስት ዓይነት አረንጓዴ ትሆናለች። ይህን አይቶ ለቀባ ሰው ኮፍያችንን እናነሳለን። ይህ ግን መፈለግን፣ ማየትን ይጠይቃል፤ ከጠርሙስ ተገዝቶ የሚፈስ ቡኒ ውኃ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የተረሳው ግን ካሞፍላጅ ለምን እንደተፈጠረ ነው። ካሞፍላጅ መደበቂያ ነው። መደበቂያ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከማን?» የሚለው ነው። የ1940ዋ ስፒትፋየር አረንጓዴና ቡኒ የሆነችው፣ ከላይ የሚመጣው ጀርመን ከእንግሊዝ እርሻና ቁጥቋጦ እንዳይለያት ነው። በ1941 ውጊያው ከፍ እያለ፣ ከባሕሩም ማዶ ወደ ፈረንሳይ እየተሻገረ ሲሄድ ቡኒው ትርጉም አጣ፤ ከነሐሴ ጀምሮ በግራጫ ተተካ፣ ሆዷም ግራጫ ሆነ። በረሃ የወረደችው ደግሞ አሸዋማና ቡኒ ለበሰች፣ ሆዷን ሰማያዊ አደረጉት። አሜሪካኖቹ በ1943 መጨረሻ ላይ «ከእንግዲህ ከማን ነው የምንደበቀው?» ብለው አብዛኞቹን አውሮፕላኖቻቸውን መቀባት አቆሙ፤ ክብደትም ተረፈ፣ ፍጥነትም ተገኘ። እያንዳንዱ ቀለም ውስጥ የሚመለከት ጠላት ዓይን አለ። ያንን ዓይን ሳያስብ የሚቀባ ሰው የሚቀባው ጨርቅ ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛም ሰፈር ይመጣል። በ1935 ጣሊያን ስትወረን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ቢደመሩ ደርዘን ቢሆኑ ነው፤ ያውም መልእክትና ሰው ማመላለሻ። ለካፕሮኒው ከሰማይ የሚመጣበት ተዋጊ አልነበረም። የሚደበቅበት ምክንያት ስላልነበረው በጠራራ ፀሐይ እየመጣ ቦምቡን ይጥላል፤ ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ ደግሞ የመርዝ ጋዙን። በ1940 እና 1941 ግን በዚሁ ሰማይ ላይ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች በሃሪኬን ሲመጡበት ጣሊያን አውሮፕላኑን በአሸዋማና በአረንጓዴ ነጠብጣብ ሸፍኖ ነበር። አያችሁ? ሰማዩ ያው፣ አገሩ ያው፣ ቀለሙ ሌላ። ታዲያ የ1940ውን ነጠብጣብ «አፍሪካ ይመስላል» ብሎ በ1935ቱ ካፕሮኒ ላይ የሚቀባ ሰው ቀለም ብቻ አይደለም የተሳሳተው። ለሚበርበት ሰው ያልነበረውን ፍርሃት ሰጥቶታል። በዚያ ጦርነት መታየት የፈለገ ሌላ ወገን ነበር፦ የስዊድን ቀይ መስቀል መልካ ዲዳ ላይ ድንኳኑን በምልክቱ አስጊጦ ተቀምጦ ነበር። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 ከአየር ተደበደበ። የካፕሮኒን ሆድ ቀለም ለማወቅ ሌሊት የሚያድር ሰው፣ ከዚያ ሆድ ሥር ምን ይጫን እንደነበር ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ቢያጠፋ ምን ይጎዳዋል?

ተከራካሪዎቻችን አንድ ጥሩ ነጥብ አላቸው፣ አንደብቀውም። «ሞዴል ሥዕል ነው» ይላሉ፤ «ተዋናይ መድረክ ላይ ሲወጣ እንደሚኳለው ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ ይጋነናል።» ይሁን! መድረክ እንወዳለን። ካያችሁት ተዋናይ ግን አንዱም ከመድረክ ወርዶ መንገድ ላይ ያለውን ሰው «አልተኳልክም፣ እውነተኛ ሰው አትመስልም» ብሎት አያውቅም። ጥላሸቱን ጌጥ በሉት፣ ስታይል በሉት፣ ለብቻው ሽልማት አዘጋጁለት፣ መጥተን እናጨበጭባለን። «እውነታ» የሚለውን ቃል ግን መልሱልን።

«ፎቶግራፉስ ቢሆን መች ይታመናል?» የሚል ብልጥም አለ። ግማሹ እውነት ነው። በዚያ ዘመን የነበረው አንዱ የፊልም ዓይነት ቢጫንና ቀይን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ቢጫ አፍንጫ ያላት ሜሰርሽሚት ፎቶው ላይ አፍንጫዋ የጠቆረ ትመስላለች። «ስካይ» የሚባለው ቀለም ራሱ በሰኔ 1940 ሲታዘዝ በቂ አልነበረም፤ የጦር ሰፈሮቹ የየራሳቸውን እየበጠበጡ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ አድርገው ቀብተዋል። በ1942 ጸደይ በአሜሪካዋ መርከብ ዋስፕ ተጭነው ወደ ማልታ የሄዱት ስፒትፋየሮች የተቀቡት ሰማያዊ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። እኛ ይህን ጭቅጭቅ እንወደዋለን። ሁለት ሰው ፎቶ ፊት ተቀምጦ በአንድ ሰማያዊ ሲጣላ ሁለቱም አውሮፕላኗን እያያት ነው። መጥቆርና መላላጥ ላይ ግን ማንም ሲከራከር አላየንም፤ ሁሉም ያፈሳል።

ወዳጃችን ትናንት ደውሎ ነበር። ያችኑ ስፒትፋየር ይዞ ወደሚቀጥለው ውድድር ሊሄድ ነው። «አንድ ነገር ጨምሬባታለሁ» አለን። ልባችን ድንግጥ አለ፣ ተሸነፈ ብለን። የጨመረው በግራ ክንፏ ሥር፣ አብራሪው የሚረግጥበት ቦታ ላይ፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ሦስት የብር ጭረት ነው። ፎቶው ላይ ሦስት ናቸው።