ውሻውስ ለማን ይሁን?

ትዳር ሲፈርስ የማይቆጠር ነገር የለም። ቤቱ፣ መኪናው፣ ፍሪጁ፣ የዕቁቡ ብር ሳይቀር ይቆጠራል። በር ላይ ታስሮ ሁሉን የሚያየው ውሻ ግን ከማንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። «ውሻውስ ለማን ይሁን?» የሚል ሰው ከተገኘ ሳቅ ይቀድመዋል። «ይሄ የፈረንጅ ቅብጠት ነው!» ይባላል።

ምኑ ነው የሚያስቀው? በገጠራችን ባልና ሚስት ሲለያዩ በሬና ላም ይካፈላሉ። ያለው አንድ በሬ ከሆነም ተሸጦ ብሩ ለሁለት ይሆናል። በዚህ የሳቀ ሽማግሌ አላየሁም። ውሻው ላይ ስንደርስ የምንስቀው ገበያ ቢወጣ ብር ስለማያወጣ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

ሕጋችንም ከእኛ የተሻለ አያይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በራሱ የሚንቀሳቀሰውንም ሰው የሚያንቀሳቅሰውንም ነገር «ተንቀሳቃሽ ንብረት» ብሎ በአንድ ከረጢት ይከታል። ውሻና ሶፋ ጎረቤት ሆኑ ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈል ይላል። ልጆች ላይ ሲደርስ ግን ያው ሕግ ቋንቋውን ይለውጣል፤ ዳኛውን ዕድሜያቸውን፣ ጥቅማቸውን ተመልከት ይለዋል። ውሻ ልጅ ነው አልወጣኝም። ሶፋ ግን አመሻሽ ላይ በር በሩን አያይም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር አላስካ ከ2017፣ ካሊፎርኒያ ከ2019፣ ስፔን ከ2022 ጀምሮ ዳኛው የእንስሳውን ደኅንነት ወይም አያያዝ እንዲመለከት በሕጋቸው ጽፈዋል። እኛ ከማንም መቅዳት አያሻንም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚል ተረት አለን። ሆዳም ለመስደብ አዋልነው እንጂ ለዳኛ ጥሩ ማስረጃ ነበር። ማን አበላው? ማን አስከተበው? ሲታመም ማን ሐኪም ጋ ወሰደው? በዚህ ሚዛን በየቤቱ ባልም ሚስትም ሳይሸነፉ አይቀሩም፤ ያበላችው ሠራተኛዋ ናታ!

«ሰው በቀጠሮ በሚንገላታበት ፍርድ ቤት ስለ ውሻ ይሟገታል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ማን ተሟገቱ አለ? በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት የፍቺውን ውጤት በጽሑፍ ተስማምተው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ። እዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር መጨመር ምን ይከብዳል? ያበላው ይውሰደው፤ ልጆቹ የሚወዱት ከሆነ ከልጆቹ ጋር ይሂድ። አለቀ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሆሜርን ኦዲሴይ ስናነብ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኘው የጦርነቱ ወሬ አልነበረም። ጌታው ሃያ ዓመት ሲጠፋበት የሚንከባከበው አጥቶ ፍግ ላይ የተጣለው አርጎስ የተባለው ውሻ ነበር። እንግዳ መስሎ የመጣውን ጌታውን ለይቶ ጭራውን ቆላ፣ ሞተ። የእኛዎቹ አርጎሶች ፍግም አያገኙ። ቤቱ ሲሸጥ ሰንሰለቱ ይፈታል፣ በሩ ይከፈታል። ድርሻቸው ይኸው ነው። ከዚያ ጎዳና፣ ረሃብ፣ ካለ ክትባት መቅረት፣ ሲከፋም የማዘጋጃ ቤት መርዝ።

ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አምልጦም ቢሆን እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ይጠይቃል። ያ ውሻ አንድ ቀን የሰው ልጅ ይነክሳል። ያኔ ሁለቱም ፍርድ ቤት ቆመው «ያንተ ነው»፣ «ያንቺ ነው» ሲባባሉ እንሰማለን። በፍቺው ቀን ቢባባሉት ምን ነበረበት?